አረንጓዴ የሚሆነው ሳጥን

ሲሃም ከልጅነቷ ጀምሮ ሰው እያናገራት በሐሳብ የምትነጉድ ነበረች። እናቷ ቲማቲም ግዢ ብለው ሲልኳት ሱቁ ደጃፍ ቆማ የሚዛኑ ሳህኖች ከፍ ዝቅ ሲሉ እያየች ትቀርና፣ ነቅታ ስትመለስ ለምን እንደተላከች ይጠፋታል። ታላቅ ወንድሟ መህዲ ታዲያ «ሲሃም ለጊዜው አገር ውስጥ የለችም፤ ስትመጣ መልእክቱን እናደርስላታለን» እያለ ያሾፍባታል። ዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። መህዲም ቀልዱን አልተወም፣ እሷም መንጎዱን አልተወችም።

መህዲ አስራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር አለው። ከመደብሩ ጀርባ፣ የሽቦ ጥቅሎችና የአምፖል ካርቶኖች በሚደረደሩበት ጠባብ ክፍል፣ ሲሃም መስኮቱ ሥር አንድ ጠረጴዛ አስቀምጣ ለሰው ድረ ገጽ ትሠራለች። ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምራለች፤ የቀረውን ራሷ እየነካካች ነው የለመደችው። ለመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ሠርታለች፤ ለሶፋ ሠሪ ሠርታለች፤ አንዴ ደግሞ ለሰፈሩ እድር። ደንበኞቿ ሁሉ ሥዕል ይብዛ፣ ቀለሙ ይድመቅ ይላሉ። እሷ ግን ከሁሉም የምትወደው ፎርሙን ነው፤ ሰው ስሙንና ዕድሜውን የሚሞላባቸውን ባዶ ሳጥኖች። ባዶ ሳጥን ስታይ ከወዲያ ማዶ የተቀመጠ ሰው ይታያታል። ሰውየው ጣቱን ከስልኩ በላይ አንሥቶ፣ ብሳሳትስ እያለ ሲፈራ ይታያታል። ያን ፍርሃት በደንብ ታውቀዋለች።

ባለፈው ክረምት ዓለም ባንክ ከሚባለው ሰፈር አንድ ሥራ መጣላት። እዚያ ሴቶችን ዳቦና ኬክ መጋገር የሚያስተምር ማሠልጠኛ አለ። ኃላፊው አቶ ኃይለመስቀል ስድሳን ያለፉ፣ ራሳቸውም ሠላሳ ዓመት ዳቦ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው፤ ሲያወሩ እጃቸው ሊጥ የሚያድበለብል ይመስላል። በየዓመቱ አርባ ሴቶች ብቻ ይቀበላሉ፤ ስድስት ወር ያስተምራሉ፤ የጨረሱትን ሆቴሎችና ዳቦ ቤቶች እየተሻሙ ይወስዷቸዋል። አምና በምዝገባው ቀን ሴቶቹ ከንጋት ጀምሮ ዝናብ ላይ ተሰልፈው፣ በግፊያው የግቢው በር ከነማጠፊያው ወድቆ ነበር። ስለዚህ ዘንድሮ ሁሉም ባለበት ሆኖ በስልኩ ይመዝገብ አሉ። ሲሃም ስልክ ቁጥርም እናስገባ ወይ ብላ ብትጠይቃቸው አልተስማሙም። አምና በአንድ ስልክ ቁጥር አሥራ አንድ ሴቶች ተመዝግበው፣ ስልኩን ያነሣው ሰውዬ ለወደዳት ነግሮ ያልወደዳትን አስቀርቷል። ኢሜይል ግን የየራስ ነው፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃና ኢሜይል ብቻ ይበቃል አሉ።

እዚህ ላይ ሲሃም አንድ ነገር ልትል ይገባት ነበር። የገዛ እናቷ ኢሜይል የላቸውም። ከግቢያቸው አምስት ቤተሰብ መካከል ኢሜይል ያለው ቢቆጠር ሁለት ሰው ቢገኝ ነው። ነገር ግን አቶ ኃይለመስቀል ተናግረው ሳይጨርሱ ሐሳቧ ወደ ሳጥኑ ነጉዶ ነበር።

ለዚያ ለኢሜይሉ ሳጥን አራት ቀን ሰጠችው። ሰው መጻፍ ሲጀምር ጠርዙ ቀይ ይሆናል። ከሥሩም በትንንሽ ፊደል «ይህ አድራሻ ገና አልተሟላም፤ እባክዎ አንዴ ይዩት» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። «ተሳስተዋል» የሚለውን ቃል ሆን ብላ ተወችው፤ እሷን ራሷን እንዲያ ሲሏት ቀኑን ሙሉ ይከብዳታል። አድራሻው መልኩን ሲይዝ፣ ማለት ስም ኖሮት፣ ከስሙ ቀጥሎ ያቺ የተጠቀለለች ምልክት ኖራ፣ ከእሷ ወዲያ ሌላ ቃልና ነጥብ ሲገኝ፣ ቀዩ ቀስ ብሎ ይከስምና ጠርዙ አረንጓዴ ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው እዚያው ፎርሙን በምትሞላው ሴት ስልክ ውስጥ የሚሠራ አጭር ስክሪፕት ነው። ማንንም አይጠይቅም፣ የትም አይልክም፤ የተጻፈውን መልክ ዐይቶ ይፈርዳል። ሲሃም ነጥቡን እየረሳች፣ በመሃል ባዶ ቦታ እየተወች፣ ምልክቷን ሁለት ጊዜ እየደገመች ፈተነችው። ሁሉንም ያዘላት። አረንጓዴውን ቀለም ደግሞ አምስት ጊዜ ለዋውጣ፣ በመጨረሻ ዝናብ ያጠበው የባሕር ዛፍ ቅጠል የሚመስል አገኘች። ጠዋት ጭጋጉ እስከ መስኮቱ ወርዶ፣ ያ አረንጓዴ በጨለምለም ባለው ክፍል ውስጥ ለብቻው ሲበራ፣ ለማታውቃቸው ሰዎች ሁሉ በር የከፈተችላቸው ይመስላት ነበር።

ምዝገባው አንድ ሳምንት ቆየ። የተመዘገቡት ሴቶች ቁጥር ሲጨምር እያየች ምሳዋን ትረሳ ነበር። ቁጥሩ አንድ ከፍ ሲል አንዲት ሴት በዝናብ መሃል ሳትረጥብ ግቢ ስትገባ ትታያታለች። ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ሆኑ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አቶ ኃይለመስቀል ዕጣ አወጡ፤ ለአርባዎቹ ሰኞ ዕለት በኢሜይል ደብዳቤ ላኩላቸው። እስከ ዐርብ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ በዚያው በኢሜይላቸው «እመጣለሁ» ብላ ያልመለሰች ቦታዋ ለተጠባባቂ ይሰጣል። ሕጉ የእሳቸው አይደለም፤ ዱቄቱንና ምድጃውን በርዳታ የሚሰጧቸው ሰዎች ናቸው ያወጡት።

ረቡዕ ጠዋት አቶ ኃይለመስቀል ደወሉ። ድምፃቸው ረጋ ያለ ነበር፤ ለሲሃም ግን ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

«ልጄ፣ ከአርባው ደብዳቤ ሃያ ሰባቱ ተመልሶ መጣ። እንዲህ ያለ አድራሻ የለም ይላል። ምን ማለት ነው?»

ሲሃም ዝርዝሩን ከፍታ አየችው። ሃያ ሰባቱም አድራሻ በአንድ እጅ የተጻፈ ይመስላል። የኔነሽ፣ ምልክቷ፣ ዘነበወርቅ፣ ነጥብ ኮም። አልፊያ፣ ምልክቷ፣ ዓለምባንክ፣ ነጥብ ኮም። ሰርኬ፣ ምልክቷ፣ ቆሼ፣ ነጥብ ኮም። ስሙ አለ፣ ምልክቷ አለች፣ ነጥቡ አለ። አንዱም አድራሻ ግን በዓለም ላይ የለም። ሳጥኗ ሃያ ሰባቱን በሙሉ አረንጓዴ እያበራ አሳልፏቸዋል።

መህዲ ነገሩን ሲሰማ የተሳሳቱት ሰዎቹ ናቸው፤ አንቺ ምን አገባሽ አላት። እሱ የሚሸጠው ማብሪያ ማጥፊያ ከተበላሸ እንኳ ገዢው ነው አሳምሮ ያላሰረው ይላል። እሷ ግን እንደ እሱ ጥፋቱን ገዢው ላይ መጣል አቃታት። የሌለ በር አረንጓዴ ቀብታ ሰው አስገብታለች፤ ሃያ ሰባት ሴቶች ደግሞ የገቡ መስሏቸው ቤታቸው ቁጭ ብለው እየጠበቁ ነው። ሁሉንም የጻፈው ያ አንድ ሰው ማን ይሆን ብላ ብትጠይቀው ግን መህዲ አላመነታም። በዚህ አካባቢ ለሰው ፎርም የሚሞላ ከአብርሽ ሌላ ማን አለ አላት።

አብርሽ ዘነበወርቅ ሰፈር፣ ከሰፈሩ ሆስፒታል አጥር ብዙም ሳይርቅ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። ሃምሳ ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ማመልከቻ ይጽፋል፣ ፎርም ይሞላል፣ ስልክ ላይ የጠፋ ፎቶ ይፈልጋል። የሰፈሩን ሰው የይለፍ ቃል ሁሉ በአንድ ሰማያዊ ደብተር ይዞ የሚኖርም እሱ ነው። ሲሃም ስትደርስ አንዲት አሮጊት ፊት ተጎንብሶ መታወቂያ እያባዛ ነበር። ስለ ዳቦው ምዝገባ ስትጠይቀው ፊቱ በራ። ያን ሳምንት የሴቱ ሰልፍ እስከ አስፋልቱ ደርሶ እንደነበር፣ ማንንም ሳይመዘግብ እንዳልመለሰ ነገራት። ኢሜይል ያላት ኢሜይሏን አስገባላት። ለሌላት ደግሞ ብልሃት ፈለገ።

«ሰው ተሰልፏል፣ ሳጥኑ ደግሞ ቀይ ነው» አላት። «ቀይ ይዤ ማንን ላሳልፍ? ለእያንዳንዷ ኢሜይል ልክፈት ብል ሰልፉ እስከ መስቀል አያልቅም። ስሟን ጻፍኩ፣ ምልክቷን ጨመርኩ፣ ሰፈርሽ የት ነው ብዬ ሰፈሯን ጻፍኩ፣ ነጥብ ኮም። አረንጓዴ ሆነ። እንኳን ደስ ያለሽ ብዬ ሸኘኋት።»

«አድራሻው እኮ የለም፣ ጋሽ አብርሽ። ደብዳቤው ተመለሰ።»

አብርሽ ማሽኑን አጠፋ።

«እና ለሌለ አድራሻ አረንጓዴ ያበራው ማነው?» አላት። «እኔ ነኝ?»

ሲሃም ሳጥኑን የሠራሁት እኔ ነኝ ለማለት ሁለት ጊዜ አፏን ከፍታ ሁለት ጊዜ ዘጋችው። በሦስተኛው ተናገረች። አብርሽ ይስቅባታል ብላ ስትጠብቅ፣ ስለ አረንጓዴው ራሱን እየነቀነቀ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አለና ከጎኑ ያለውን ዱካ ሳበላት። ቁጣውም እዚያው አለቀ። ከዚያ ዝርዝሩን ከእጇ ተቀብሎ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ሲያነብ ቆየና ቀና አለ።

«የመህዲ እህት፣ እኔ ሰፈራቸውን ጽፌያለሁ እኮ። ደብዳቤው ካልደረሰ፣ እግር አለን አይደል?»

ሐሙስ ጠዋት፣ ከቤት ከመውጣቷ በፊት፣ ሲሃም አረንጓዴውን የምታበራዋን መስመር ከስክሪፕቱ ሰረዘቻት። የሚያሳዝናት መስሏት ነበር፤ አላሳዘናትም። ከዚያ ከአብርሽ ጋር ወጡ።

እነዚያ ሁለት ቀናት በኋላ ስታስባቸው እንደ ሕልም ነው የሚሆኑባት። ጭጋጉ ሙሉ በሙሉ ሳይገለጥ፣ ዝናቡም በቅጡ ሳይዘንብ፣ በኮረት መንገድና በጭቃ መሃል አንዲት ስም ይዘው ይሄዳሉ። በአንደኛው መንደር የኔነሽ ብለው ሲጠይቁ ሦስት የኔነሾች ከሦስት በር ብቅ ይላሉ። በሌላው ሰው ስሙን ደጋግሞ በአፉ ያጣጥመዋል፤ ከዚያ ወደ አንድ ሰማያዊ ቆርቆሮ በር ይጠቁማል። የቆርቆሮው በር ሲከፈት የሳሙና ሽታና የሬዲዮ ድምፅ ይወጣል፤ አንዲት ሴት እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ትመጣለች፤ ሲሃም ዝርዝሩ ላይ ያየችው ስም ፊት አውጥቶ ይስቃል። ሲሃም ባዶ ሳጥን ፊት ስትቀመጥ ትስላቸው የነበሩት ሰዎች ሁሉ እንዲህ አይመስሉም ነበር። እነዚህ ያስላሉ፤ ልጅ ያዝዛሉ፤ ዶሮ ያባርራሉ። አብርሽ ከሁሉም ጋር ይቀልዳል፤ «ደብዳቤሽን ይዤ መጣሁ፣ ፖስተኛው ታሞ ነው» ይላል። ሴቶቹ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ እየመጡ ትክክለኛ ኢሜይል ከፈቱ፤ ሲሃም አዲሶቹን አድራሻዎች ለአቶ ኃይለመስቀል አስተላለፈች፤ እሳቸው ደብዳቤውን እንደገና ላኩ፤ ሴቶቹም «እመጣለሁ» ብለው መለሱ።

እስከ ዐርብ ቀትር ሃያ አራቱ ተገኙ። አንዷ ወደ ወልቂጤ ሄዳለች። አንዷን የሚያውቃት ጠፋ። የቀረችው አንዲት ሰርኬ ነበረች፤ ሰፈሯ ቆሼ፣ የከተማው ቆሻሻ መጣያ፣ ተብሎ የተጻፈው።

መህዲ ከጁምዓ ሲመለስ ሲሃምን የመደብሩ በር ላይ አግኝቷት እስካሁን ምሳ አልበላሽም ወይ አላት። አንድ ሰው ቀርቶኛል ብላው አለፈች። አብርሽ ሱቁ ደጃፍ ወደሚጠብቁት ሰዎች ተመልሶ ስለነበር ብቻዋን ሄደች።

ሰርኬን ያገኘቻት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አልፎ ነው። ከቆሻሻው ክምር ወዲህ፣ በአራት እንጨት በተወጠረ ላስቲክ ሥር፣ ባዶ የውኃ ሃይላንዶችን በየቀለማቸው እየለየች ጆንያ ውስጥ ትጨምር ነበር። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩዋት ከዚያም ትበልጣለች። ሲሃም የመጣችበትን ስትነግራት እጇን ከሥራው አላነሣችም።

ሰርኬ ነገሩን ባጭሩ ነገረቻት። ያን ዕለት ሳጥኑ አረንጓዴ ሲሆን በዓይኗ አይታለች፤ እንኳን ደስ ያለሽ ተብላለች። ለጎረቤቶቿ ሁሉ ተቀብለውኛል ብላ አወራች። ይህችን የላስቲክ ጥላም፣ ስድስት ዓመት የቆመችበትን ቦታ፣ እኔ ከእንግዲህ ዳቦ ልጋግር ነው ብላ ለሌላ ሴት ለቀቀች። ሁለት ሳምንት ጠበቀች። ማንም አልጠራትም። ሰው ሳቀባት። ቦታዋን ለማስመለስ ሽማግሌ ልካ፣ ለምና ነው ባለፈው ቅዳሜ የተመለሰችው። አሁን ብትነሣ ሁለተኛ አይመልሷትም።

«አረንጓዴ ነበር» አለች ሰርኬ። «ያየሁትን ነው የምነግርሽ።»

ሲሃም ከፊቷ ቁጢጥ አለች። ጭቃው ቀሚሷን ነካው፤ አላየችውም። ለአንድ አፍታ ሐሳቧ ሊነጉድባት ሲል ያዘችው፤ ይህ የመንጎጃ ሰዓት አልነበረም።

«ያን አረንጓዴ ያበራሁት እኔ ነኝ» አለቻት። «አድራሻው ይኑር አይኑር ሳልጠይቅ ነው ያበራሁት። ስምዎ በዕጣው ወጥቷል፤ ደብዳቤም ተልኮልዎታል፤ የላኩበት ቦታ ግን የለም። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ የእኔ ነው።»

ሰርኬ አንዱን ሃይላንድ ጨፍልቃ ጆንያው ውስጥ ጣለችው።

«አሁንስ የምትነግሪኝ እውነት መሆኑ በምን ይታወቃል?»

ሲሃም እርግጠኛ ነኝ ልትላት ፈለገች፤ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«አይታወቅም» አለቻት። «መልስ ሲመጣልዎት ብቻ ነው የሚታወቀው። እስኪመጣ አብሬዎት እቀመጣለሁ።»

ሰርኬ ቀና ብላ ፊቷን አየቻት። ምን እንዳየችበት ሲሃም አታውቅም። ሴትየዋ ከአጠገቧ ለነበረች ሌላ ሴት በጉራግኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ ያቺም መጥታ ጆንያው ላይ ተቀመጠችበት። ሰርኬ ይህች እኅቴ ናት፣ እስክመለስ አትነቃነቅም አለችና ነጠላዋን ጠቅልላ ተነሣች።

ታክሲ ጠፋ። የመጣውም ሞልቶ አለፈ። ዝናቡ ሲጀምር ግማሹን መንገድ በእግራቸው ሄዱ፤ ሰርኬ ከፊት፣ ሲሃም ከኋላ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሲደርሱ ለአሥራ አንድ ሰዓት ሃያ ደቂቃ ብቻ ቀርቶ ነበር። አብርሽ ወረፋ የያዙትን ይቅርታ ጠይቆ ኮምፒውተሩን ለቀቀላቸው። ሲሃም ኢሜይሉን ከፈተችላት፤ የይለፍ ቃሉ ላይ ሲደርሱ አብርሽ እንደ ልማዱ ሰማያዊ ደብተሩን አወጣ። ሰርኬ ደብተሩን አየችው፤ ከዚያ እሱን አየችው።

«እኔ ራሴ እጽፈዋለሁ» አለች። «ሁለታችሁም ዞር በሉልኝ።»

አብርሽ ሳቀ፤ ግን ዞረ። ሲሃምም ወደ ግድግዳው ዞረች። ሰርኬ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለች፤ ፊደላቱን አንድ በአንድ እየፈለገች በአንድ ጣቷ ስትጫን ይሰማል። አንድ ፊደል፣ ዝምታ፣ ሌላ ፊደል። የግድግዳው ሰዓት አሥራ አንድ ሊሆን ስምንት ደቂቃ ይላል። ሲሃም አላጣደፈቻትም። አቶ ኃይለመስቀል ስልክ ላይ ሆነው አዲሱን አድራሻ ተቀብለው ደብዳቤውን ወዲያው ላኩት፤ ሰርኬም ዐይኗን አጥብባ አንብባው ስታበቃ «እመጣለሁ» ብላ ጻፈች። ላከችው።

ሲሃም ተላልፏል አላለችም። ደርሷል አላለችም። ከአጠገቧ ዱካ ላይ ቁጭ አለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ወረፋ የያዙት ሰዎች ጉዳያቸውን ትተው እነሱን ይጠብቁ ጀመር። አሥራ አንድ ሰዓት ሞላ። አለፈ። ሰርኬ እጆቿን ጭኖቿ ላይ አድርጋ ባዶውን ስክሪን ታያለች። አንዲት ወጣት ልትጠይቃት ስትል አብርሽ በዓይኑ ከለከላት። ሲሃም ከጥንትም የምታውቀው ያ ፍርሃት አጠገቧ ተቀምጦ ይተነፍሳል፤ በዚያች ሰዓት ለማባረር የምትቀባው ምንም ቀለም አልነበራትም።

አሥራ አንድ ሰዓት ከሰባት ላይ አንድ መስመር በስክሪኑ አናት ብቅ አለ። ሲሃም እጇን አላነሣችም። ሰርኬ ራሷ ነካችው፤ ጮክ ብላ፣ በየቃሉ እየቆመች አነበበችው።

«በሰዓቱ ደርሶኛል። ሰኞ ሁለት ሰዓት ይምጡ። ጥፍርዎን ይቁረጡ፤ ራስዎን የሚሸፍኑበት ነጭ ጨርቅ ይያዙ። ኃይለመስቀል።»

እንደገና አነበበችው፤ በዚህኛው ጊዜ በልቧ። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ሁለቱን ጫፎች በየተራ ወደ መብራቱ ጠጋ አድርጋ አየቻቸው፤ ክረምቱና ሥራው ንጣቱን ወስደውታል።

«ይሄ ቢቀቀል» አለች ለሲሃም፣ «እስከ ሰኞ የሚነጣ ይመስልሻል?»